ወንድሜ ታሪኩን ስንት ጊዜ ይናገር?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ እየታከመ ነው። በገባ ቁጥር አዲስ ሐኪም «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ይለዋል። ባለፈው ጊዜ ሃሎፔሪዶል ተወግቶ አንገቱ ተጣሞ አደረ፤ መድኃኒቱ እንደማይስማማው ግን ቀድሞ በካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር። አሁን ሆስፒታሉ የወረቀት ካርዱን ትቶ መዝገቡን ሁሉ በኮምፒውተር ሊያደርግ ነው። ይህ ለወንድሜ ምን ይለውጥለታል? ምስጢሩንስ ማን ማን ሊያየው ነው?
አስታማሚ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አብዛኛው ዘመኔ ያለፈው በወረቀት ካርድ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በኮምፒውተር። ሁለቱንም አማርሬያለሁና ለአንዱ ወግኜ አልመልስልዎትም።

ከአንገቱ ልጀምር። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ የአንገትን፣ የመንጋጋንና የዓይንን ጡንቻ ጨምድደው ሊይዙ ይችላሉ፤ በወጣት ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ማርከሻው በመርፌ ሲሰጥ ጡንቻው ብዙም ሳይቆይ ይፈታል። ፍርሃቱ ግን አብሮ አይፈታም፤ ያን ሌሊት ያሳለፈ ሰው መድኃኒት በቀረበለት ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ፊት ነው። «በካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር» ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ጥያቄው የት ላይ ተጻፈ የሚለው ነው። እንደ ልማዳችን ከሆነ በአንድ የሌሊት ተረኛ የእጅ ጽሑፍ፣ «እራት በልቷል፣ ደኅና ተኝቷል» በሚሉ መስመሮች መካከል ተቀብሮ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ ይረዳል። በመዝገቡ ውስጥ ለማይስማሙ መድኃኒቶች የተለየ ቦታ አለ፤ እዚያ የገባውን መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝ ሲል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። በተራ ማስታወሻ ውስጥ ከተጻፈ ግን ማሽኑም እንደ ወረቀቱ ዝም ይላል። የድሮ ካርድ ሲዛወር የሚረሳውም ይኸው ነው፤ ገጾቹን ፎቶ አንሥተው ያስገቡና «ተዛውሯል» ይላሉ። ስለዚህ አሁኑኑ የመድኃኒቱን ስም፣ ምን እንዳደረገውና መቼ እንደሆነ በዚያ ቦታ ያስመዝግቡ፤ ከዚያም «እስቲ ያንብቡልኝ» ይበሉ። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ራሱን ይጎዳል ተብሎ የሚፈራ ሕመምተኛ በየ15 ደቂቃው ይታያል፤ ያየው ሰው ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። በወረቀቱ ዘመን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ዐሥር ሰዓት ያለውን ቀድሜ የሞላሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ብቻዬንም አልነበርኩም። ቅጻችን አንድም እንከን አይገኝበትም ነበር፤ ያ ራሱ ሊያስጠረጥረን በተገባ። ኮምፒውተሩ ሲመጣ የሚመዘገበው እኛ ጻፍነው ያልነው ሰዓት ሳይሆን በእርግጥ የመዘገብንበት ሰዓት ሆነ። በመጀመሪያው ወር ሰንጠረዡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። አለቆቻችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉብን ተነሡ። አንዲት የክፍል ኃላፊ ነርስ ግን ሰዓቶቹን ደርድራ ስታይ፣ ክፍተቶቹ የተከማቹት በአንድ ሰው ስም ሥር ሳይሆን በሁለት ሰዓቶች ላይ ሆኖ አገኘችው፤ በፈረቃ ርክክብና በማታ መድኃኒት እደላ። በእነዚያ ሰዓቶች ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ርክክብ ሲደረግ አንድ ሰው ከኮሪደሩ እንዳይነሣ ተወሰነ፤ ክፍተቱም ጠበበ። ኮምፒውተሩ ያደረገው ውሸታችንን ማስቀረት ብቻ ነው፤ የቀረውን ያደረገችው ሰንጠረዡን የማንበብ ትዕግሥት የነበራት ሴት ናት።

ስለዚህ ሆስፒታሉ «ጥራታችን ይሻሻላል» ሲልዎት፣ ቁጥሩን ማን እንደሚያነበውና በየስንት ጊዜው እንደሚያነበው ይጠይቁ። በአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሕመምተኞች እንዳይንቀሳቀሱ ታስረው የቆዩበት ሰዓት ተደምሮ እንደ አንድ የጥራት መለኪያ ይታያል። ሰዓቱ በትክክል ካልተመዘገበ ድምሩ ምን ይረባል?

ወንድምዎ ክሎዛፒን የሚወስድ ወይም ወደፊት የሚጀምር ከሆነ መዝገቡ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ይህ መድኃኒት ሌሎቹ ላልረዷቸው ሰዎች የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን አጥፍቶ ሰውነትን ያለ መከላከያ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ በዚህ ምክንያት ሕመምተኞች ሞተው በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቶ ነበር፤ ኋላ የተመለሰው በደም ምርመራ ክትትል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምርመራው በየሳምንቱ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ቀኑ ማለፉን ለማንም አይናገርም። ሌላም አለ። መድኃኒቱ ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን አይቀጠልም፤ ከ12.5 ሚሊግራም እንደገና ይጀመራል። ሐሙስ ያመለጠውን ኪኒን የእሑዱ ተረኛ በምን ያውቃል? ሲጋራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጭሱ ጉበት ክሎዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ አጫሽ ሰው ማጨስ በማይፈቀድበት ክፍል ተኝቶ ሲያቆም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፣ ወጥቶ ሲጀምር ይወርዳል። ስለዚህ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ የሚነግረን መስመር ከመድኃኒቱ መጠን አጠገብ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የማገኘው ግን «ሱስ» በሚል ርእስ ሥር፣ እንደ ነቀፋ ተጽፎ ነው።

የማማርረውንም ልንገርዎት። ማሽኑ ለጥቃቅኑ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ሰው ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል። የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ ዛሬ ላይ መለጠፍም ቀላል ሆኗል፤ በአልጋው የሌለ ሕመምተኛ «ተረጋግቷል» ተብሎ ሲጻፍለት አይቻለሁ። እየተጠየቀ ያለ ሰው ጠያቂው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ሲቀር ደግሞ ያፍራል፤ ስለ እርሱ በሌላ ቋንቋ የሚወራ ይመስለዋል። እኔ ስክሪኑን ወደ እነርሱ አዞራለሁ። የምጽፈውን አይተው የሚያርሙኝ ብዙ ናቸው።

ምስጢሩን በተመለከተ ስጋትዎ ትክክል ነው። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሌባው ገንዘብ ካልከፈላችሁ ምስጢራችሁን አወጣለሁ እያለ ለሕመምተኞቹ ራሳቸው ጻፈላቸው። ካርድ ክፍልም ቢሆን ምስጢር ጠባቂ ነበር አልልዎትም፤ አንድ ካርድ የሰረቀ ግን የሚወስደው የአንድ ሰው ምስጢር ብቻ ነው። በኮምፒውተር በኩል ያለው ጥቅም፣ መዝገቡን የከፈተ ሁሉ ስሙና ሰዓቱ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። ወንድምዎ መዝገቡን እነማን እንደከፈቱ ማወቅ ይችል እንደሆነ ይጠይቁለት። እርስዎ ራስዎ ምን ያህል እንዲያዩ እንደሚፈቅድም እርሱን ይጠይቁት፤ አስታማሚነት ለሁሉም ገጽ ፈቃድ አይሆንም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የአእምሮ ሕመም እንደ ስብራት ራጅ አንሥተው የሚያዩት አይደለም፤ በአብዛኛው የሚታወቀው በዓመታት አካሄዱ ነው። ኤሚል ክሬፕሊን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለየሕመምተኛው ካርድ እያዘጋጀ፣ ካርዶቹን እየደረደረ ሕመሞችን በጉዟቸው ለመለየት ይጥር ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ወንድምዎን መጠየቁን አይተውም፤ ሊተውም አይገባም። ሊለወጥ የሚገባው አጠያየቁ ነው፦ «ባለፈው መርፌው አንገትህን እንዳጣመመው አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት ነህ?» እንዲህ የሚለው ሐኪም ሲገጥመው ልዩነቱን ራሱ ይነግርዎታል።

እስከዚያው ድረስ፣ ደኅና በሆነ ቀን ሕመሙ ሊነሣበት ሲል የሚታይበትን ምልክትና ምን እንደሚያረጋጋው በራሱ ቃል በግማሽ ገጽ ይጻፍና ከመዝገቡ ጋር ይያያዝለት። ሲወጣም የክትትል ቀጠሮው ከሰባት ቀን የራቀ ከሆነ እንዲቀርብለት ይጠይቁ፤ ከሆስፒታል በወጡ ሰዎች ላይ ራስን የማጥፋት አደጋ ከምንጊዜውም የሚበረታው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ነው።