ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሐሰት መናገር ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምሠራው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። አብሮኝ ተረኛ የሚሆን አንድ ባልደረባዬ «እግዚአብሔር የለም» ባይ ነው፤ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ እንከራከራለን። ባለፈው ዳርዊን ሊሞት ሲል ተጸጽቶ የዝግመተ ለውጥ ትምህርቱን እንደሻረ የሚናገር ጽሑፍ ከቴሌግራም አግኝቼ ላክሁለት፤ ለማኅበራችን ቡድንም አጋርቼው ነበር። በማግስቱ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን በማስረጃ አሳየኝ። ስሕተቴን ባምን ሃይማኖቴን የማሰድብ መስሎኝ ዝም አልሁ። እሱ ደግሞ «መጽሐፍ ቅዱስን በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው የመረጡት» ይለኛል። የሕፃን ናሙና ሲመጣ ደግሞ «ይኼን አምላክሽ ያያል?» ይለኛል። ምን ልመልስለት? ወይስ ክርክሩን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በዳርዊን ነገር ባልደረባሽ ልክ ነው። ዳርዊን የሞተው በ1882 ነው (ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የመጸጸቱ ወሬ በጋዜጣ የወጣው ግን ከ33 ዓመት በኋላ በ1915 አሜሪካ ውስጥ ነው። ሌዲ ሆፕ የምትባል እንግሊዛዊት ሰባኪ፣ ታሞ በተኛበት ሄጄ ወደ ዕብራውያን የተላከውን መልእክት ሲያነብ አገኘሁት አለች። ሴት ልጁ ሄንሪየታ በ1922 በጽሑፍ መልስ ሰጠች፦ አባቴ ሲሞት አጠገቡ ነበርሁ፣ ሴትዮዋ በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ አልነበረችም፣ አባቴም ከሳይንሳዊ አቋሙ አንዱንም አልሻረም አለች። ከዚህ በላይ ምስክር አንፈልግም። በሌላ በኩል ዳርዊንን «የኢአማኒዎች አባት» የሚሉትም ቢሆኑ የሰውየውን ቃል አያነቡም። በ1879 በጻፈው ደብዳቤ፣ የእግዚአብሔርን መኖር እስከ መካድ ደርሼ አላውቅም፣ «አላውቅም ባይ» ብባል ይቀርባል ብሏል። ስለ ሞተ ሰው የማይገባውን መናገር ከየትም ወገን ቢመጣ የሐሰት ምስክርነት ነው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ፤ ከጥያቄሽ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ስሕተትን ማመን ሃይማኖትን ያሰድባል ብለሻል። መጽሐፈ ኢዮብን እንደገና አንብቢው። የኢዮብ ወዳጆች ለእግዚአብሔር ተከራካሪ ሆነው ነው የቆሙት። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ስለዚህ አንተ ኃጢአት ሠርተህ መሆን አለበት እያሉ፣ የማያውቁትን ኃጢአት በአመድ ላይ በተቀመጠ ሰው ላይ ጫኑበት። ኢዮብም በምዕራፍ 13 ላይ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን? ብሎ ጠየቃቸው። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በማን ላይ ነው? አጥብቆ በጠየቀው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ ለእርሱ ጥብቅና በቆሙት በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ላይ ነው። መሥዋዕታቸውን ይዘው ወደ በደሉት ሰው እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። እግዚአብሔር በሐሰት እንዲጠበቅለት አይሻም። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝም «ባልንጀራህ አማኝ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም።

ስለዚህ ሂጂና ንገሪው። «የላክሁልህ ታሪክ ሐሰት ነው፤ ሳላጣራ ነው የላክሁት፤ ይቅርታ» በይው። «ግን እኮ» ብለሽ አትቀጥዪ። የኒቅያውን ነገር በዚያው ቀን አታንሺበት፤ የእሱ ስሕተት ያንቺን አይሰርዝም።

በሌላ ቀን ሲያነሣው ግን እውነቱን ንገሪው። የኒቅያ ጉባኤ በ325 የተሰበሰበው «ወልድ ፍጡር ነው» ባለው በአርዮስ ክሕደት ምክንያት ነው፤ የፋሲካ በዓል የሚከበርበትንም ቀን መክሯል። ከጉባኤው የወጡት 20 ቀኖናት ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ምርጫ አንድ ቃል የላቸውም። በዚያ ጉባኤ በዲቁና የተገኘው ቅዱስ አትናቴዎስ የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ የጻፈው በ367 ነው፤ ያም የፋሲካ መልእክት እንጂ የድምፅ ቆጠራ ውጤት አይደለም። አንዳንዶቹ መጻሕፍት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግሩ እንደነበሩ ግን አትደብቂው። አንቺ ከሸሸግሽው እሱ ሌላ ቦታ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ቀሪውንም ቃልሽን አያምንሽም።

ከአባቶቻችን እንዴት መከራከር እንዳለብን የሚያስተምረኝ ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ነው። የሮም ንጉሥ ኡልያኖስ ከሃዲ ከተጠመቀ በኋላ ወደ ጣዖት ተመልሶ፣ ክርስቲያኖችን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፎ፣ በ363 በፋርስ ዘመቻ ሞተ። ኢአማኒ አልነበረም፤ አማልክት አምላኪ ነበር። ቄርሎስ ከብዙ ዓመታት በኋላ መልስ ሲጽፍ የንጉሡን ቃል ራሱን እያስቀደመ፣ ከሥሩ እየመለሰ ሄደ። በጌታችን ላይ የተሰነዘረውን ስድብ እንደተወው ራሱ ተናግሯል፤ ክርክሩን ግን አስቀምጦታል። የኡልያኖስ መጽሐፍ ዛሬ የለም፤ ሊቃውንት ይዘቱን የሚያውቁት በአብዛኛው ከቄርሎስ ገጾች ነው። ቄርሎስ የተቃዋሚውን ቃል ሰምቶ ሊያስነብበን አልፈራም! አንቺም መልስ ከመስጠትሽ በፊት የባልደረባሽን አሳብ በራስሽ አንደበት ንገሪውና «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስኪልሽ ጠብቂ። እሱም እንዲሁ እንዲያደርግ ጠይቂው፤ መብትሽ ነው። በቲክቶክ ላይቭ ላይ ከሁለቱም ወገን የምናየው ጩኸት ይህን ስለማያውቅ ነው ማንንም የማያንጸው።

የሕፃኑ ናሙና ጥያቄ ከሌሎቹ ይለያል። ዳርዊን በ1851 አኒ የምትባል የ10 ዓመት ልጁን ቀብሯል፤ እምነቱን ካደከሙበት ነገሮች አንዱ ይህ ሐዘን እንደሆነ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ባልደረባሽም ምን እንዳሳለፈ አታውቂም። «ለበጎ ነው» አትበይው። ያ ሕፃን ለምን እንደታመመ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ድውያን በየቅዳሴው ትጸልያለች፤ የእያንዳንዱን ሕመም ምክንያት ግን አልነገረችንም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ እንጂ ለማርታና ለማርያም ስለ ሞት ምክንያት ንግግር አላደረገም። «አላውቅም፤ እኔም ያመኛል፤ ግን የሞተልን አምላክ ስላለ አምናለሁ» ካልሽው አልዋሸሽም፣ እምነትሽንም አልካድሽም።

ክርክሩን መተው? ሐዋርያው ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት» ብሏል። ለመርታት ስትይ የምትከራከሪ ሆኖ ካገኘሽው፣ ከንስሐ አባትሽ እስክትማከሪ አቁሚው። እውነቱን ለማግኘት ከሆነ ቀጥዪ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ ሳትተኚ አድርጊ። ጽሑፉን ለማኅበሩ ቡድን ልከሽዋል፤ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ያነበቡትና ለሌላ ያስተላለፉት አሉና። «ይህ ታሪክ ሐሰት ነው፣ አታጋሩት» ብለሽ ምክንያቱን ጨምረሽ ጻፊ። ባልደረባሽም መጠየቅ ከፈለገ ይምጣ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አለሁ። ሊያሳምነኝ ቢመጣም ደስ ይለኛል።