መልስ፦ ለሳይክሎክሮስ ውድድር ስለሚገዛው ብስክሌት

ጤና ይስጥልኝ። ቤልጂየም ውስጥ በክለብ ደረጃ በሳይክሎክሮስ (በጭቃ፣ በአሸዋና በሣር ላይ የሚደረግ፣ በየመሃሉም ብስክሌቱን ተሸክሞ የሚሮጥበት ውድድር) ለመወዳደር የመረጡት የካርቦን ብስክሌት፣ ባለ 40 ጥርስ አንድ የፊት ማርሽ፣ የዘይት ዲስክ ፍሬንና ካላማዳሪ የማይፈልግ የ33 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ሆኖ፣ ለኤሌክትሮኒክ ማርሽ መቀየሪያ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል።

እኔ በቅድሚያ የምመለከተው ጎማውን ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በትልልቅ ውድድሮች የጎማውን ስፋት በ33 ሚሊ ሜትር ስለገደበ፣ በተወዳዳሪዎች መካከል ልዩነት የሚያመጡት የጎማው ጉጦች (በላዩ ጎልተው የወጡት ጥርሶች) ቅርፅና የሚሞላው የአየር መጠን ናቸው፤ ከቤልጂየም የውድድር ቦታዎች ለናሙር ጭቃ የሚመረጠው ባለ ጥልቅ ጉጥ ጎማ ለኮክሳይደ አሸዋ አይመከርም፣ በዚያ ለስለስ ያለው ይሻላል። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ አየሩ በጣም ሲቀንስ በሹል መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ጠርዝ ላላ ብሎ አየር ሊተፋ ይችላል፤ ብዙ ታዋቂ ተወዳዳሪዎች በማጣበቂያ የሚለጠፈውን ጎማ እስካሁን ያልተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የፊት ማርሽ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ጭቃ የሚሰበስብ የፊት መቀየሪያ አይኖርም። ዲስክ ፍሬንም ከ2010 ጀምሮ የተፈቀደ ስለሆነ አያሳስብዎት። ጭቃ እንዳይታጎር በጎማውና በቴላዮው መካከል ያለውን ክፍተት ግን በዓይንዎ ይዩ፤ ብስክሌቱንም በትከሻዎ ተሸክመው ይሞክሩት።

ኤሌክትሮኒኩ መልካም ነው፤ ይሁንና በዚያ ገንዘብ ሌላ ጎማ የተገጠመለት ሁለተኛ ጥንድ ቸርኬ ቢገዙ እመርጣለሁ።