ማንጠግቦሽ ወይስ የሺእመቤት? ለጠየቅሽው እህቴ

«ሴት ልጅ ልወልድ ሁለት ወር ቀረኝ። የእኔን አያት ስም ማንጠግቦሽን ላውጣላት ወይስ የባለቤቴን አያት ስም የሺእመቤትን?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ ነው። «ዘመናዊ ስም አውጪላት፣ ልጅቷን አታሰቃዪያት» ያሉሽን ዝለያቸው። ልጄ ክፍል ውስጥ ሦስት ሶልያና አሉ። መምህሯ የምትለያቸው በአባታቸው ስም ነው። የእኔ ልጅ የሻሽወርቅ ናት። በትምህርት ቤቱ ሌላ የሻሽወርቅ የለም።

ከስድስት ዓመት በፊት እኔም ይሄው ጣጣ ገጥሞኝ ነበር። ሁለት ስም፣ ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ ሆድ። ስለዚህ ስሚኝ።

1ኛ. ስሙ ለምን እንደወጣ ጠይቂ። አያትሽ በሕይወት ካሉ ራሳቸውን፣ ከሌሉ የሚያውቃቸውን ሰው። የድሮ ሰው ስም ዝም ብሎ አያወጣም። የእኔ ምርጫ በባሌ አያት በየሻሽወርቅና በእኔ አያት በምትኬ መካከል ነበር። ልቤ ያለው ምትኬ ላይ ነው። አጭር ነው፣ ለአፍም ይጥማል። እማማ ደስ ይላቸዋል ብዬ ሆዴን ይዤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄድኩ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። «እማማ፣ በእርስዎ ስም ልጠራት ነው» አልኳቸው።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

ለካ ከእሳቸው በፊት የተወለደ ወንድማቸው በኩፍኝ ሞቷል። እናታቸው በእሱ ምትክ ብለው ነው ምትኬ ያሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስማቸው በተጠራ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሳል። እኔ ስሙን እወደዋለሁ እንጂ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። «ለልጅሽ የራሷን አውጪላት፣ የእናቴን ለቅሶ አታሳቅፊያት» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ሲባል ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሞተ ሰው አለ። ያንቺ ሁለቱ እንደዚያ አይመስሉም። ማንጠግቦሽ ያው ማን ይጠግብሻል ነው፣ የሺእመቤት ደግሞ የሺህ ሰው እመቤት ሁኚ ነው። ቢሆንም ጠይቂ።

2ኛ. ቅጹን ራስሽ ሙዪ። እኔ የነደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው ደግሞ በ80ኛ ቀኗ ነው። እኛ «ድግሱ ይለቅና» እያልን አሥር ቀን ብቻ ቀረን። እኔ ደክሞኛል፣ ባሌ ሄደ። ቅጹ ላይ «የሻሽ ወርቅ» ብሎ ጻፈ። መሀሉ ላይ ክፍተት አለ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ሦስት ሳጥን አላት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የመጀመሪያው ላይ የሻሽን፣ ሁለተኛው ላይ ወርቅን፣ ሦስተኛው ላይ የባሌን ስም አስገባች። ወንዱ አማቴ ቦታ አጡና ቀሩ። ባሌ በወረቀት የገዛ ልጁ አያት ሆኖ አረፈው።

ማንም አላየውም። ባሌም ሲቀበል ማኅተሙን እንጂ ስሙን አላየም (ይሄን ሲያነብ ይቆጣል፣ ይቆጣ)። ፕላስቲክ ውስጥ ከተን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። አራት ዓመት ተኛ። ያወቅነው ዱባይ ያለችው እህቴ ጋ ልንሄድ ፓስፖርት ልናወጣ ስንል ነው።

እርማት ልጠይቅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከሦስት ሰዓት ሰልፍ በኋላ በመስኮቱ «ወይዘሮ የሻሽ ወርቅ!» ተባለ። ቀረብኩ። «አሮጊቷስ የታሉ?» አለኝ። «ይቺው ናት» ብዬ ልጄን ብድግ አድርጌ አሳየሁት። ከጎኑ ያለችውን ጠርቶ አሳያት። ሁለቱም ሳቁ። «ለማረም ከመጣሽ አይቀር ስሙንም አብረሽ ቀይሪላት» አለኝ። እሱ ቀልዶ ሞቷል። ልጄ ግን ትሰማለች። ማታ ፀጉሯን ስሠራት «እማዬ፣ ስሜ ለምን ያስቃል?» አለችኝ። ያን ቀን ያልተሳደብኩት ስድብ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ተባልኩ። ሁለት ምስክር፣ የክርስትና ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የባሌ መታወቂያ። አንዱን ስወስድ ሌላውን ይጠይቁኛል። ሦስት ወር ፈጀ። ከዓመት ፈቃዴ ዘጠኝ ቀን በላ። የዱባዩ ትኬት ተቃጠለ። አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ፣ ባንኩም ትምህርት ቤቱም ስሙ አንድ ዓይነት ካልሆነ ያዞርሻል።

ስለዚህ የሺእመቤትን ከመረጥሽ ገጥመሽ ጻፊ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ሰው ከልማድ «የሺ እመቤት» ብሎ ይለያየዋል፣ ያኔ ልጅሽ አባቷ እመቤት የሚባሉ የሺ ሆነች ማለት ነው። ከመታተሙ በፊት «ስክሪኑን ወደዚህ አዙሪልኝ» በይና ፊደል በፊደል አንብቢ። ቢገላምጡሽም አንብቢ። ማንጠግቦሽ በዚህ በኩል ግልግል ነው፣ ማንም ለሁለት አይከፍለውም። ፈረንጅ «ማንተግቦሽ» ይላት ይሆናል። ይበላት።

3ኛ. የባልሽ ቤተሰብ። ይቀየሙኛል ብለሽ እንደፈራሽ ባትጽፊውም ገብቶኛል። የእኔው ወንዱ አማት ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ቡና ላይ «በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም የሚያወጣው አባት ነው» አሉኝ። ጎረቤታችን ጠበቃ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር «እናትም ተጨማሪ ስም ማውጣት ትችላለች ይላልኮ» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጣም ነው የምንዋደደው። የሚገርመው በመጨረሻ የእሳቸው እናት ስም ጸደቀ። ከወረቀቱ የወደቀው ደግሞ የእሳቸው ስም ነው። ሲሰሙ ለሁለት ሳምንት ባሌን አላናገሩትም።

ደግሞ ያልተመረጠው ስም ይጠፋል ብለሽ አታስቢ። አንዱን ወረቀቱ ላይ፣ ሌላውን የቤት ስም አድርጊው። ልጄን ሰፈሩ ሻሼ ይላታል። ባለፈው የወላጆች ቀን «የሻሽወርቅ» ተብሎ ሲጠራ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ለካ የእናታቸው ስም ነው። ሽልማቷን ይዛ ስትመለስ ግንባሯን ሳሟት። የዚያን መስኮት ሰውዬ እዚያ ባገኘሁት ብዬ ተመኘሁ።

እማማ ግን አንድ ቀን የሻሽወርቅ ብለዋት አያውቁም። «እፎይ» ነው የሚሏት። «እፎይ፣ ነይ ምስር ልቀሚ» ይሏታል፣ ሄዳ ጎናቸው ቁጭ ትላለች። ለምን እፎይ እንዳሏት ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

እኔን ካልሽ ማንጠግቦሽ በያት። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ስትወልጂ ደግሞ እዚሁ ጻፊልን፣ ስሟን አንድ ላይ ገጥመሽ።