ቆሮሶ ዝንብ ይበላል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። አሁን ደሴ የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና ስልኬ ላይ የፍላይ ፊሺንግ ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። ሰውየው ወንዝ ውስጥ ቆሞ ረጅም ክር ከኋላ ወደፊት ያወዛውዛል። ከላባ የተሠራች ዝንብ ውሃው ላይ ጠብ ታደርጋለች። ዓሣው ብቅ ብሎ ዋጥ ያደርጋታል። እኔም ሽመል ቆርጬ ጫፉ ላይ ናይለን ክር አሰርኩ። ሰባት ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቆምኩ። አንድም ዓሣ አልያዝኩም። ክሩ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ነው የሚቀረው። መረብ የሚጥሉት ሰዎች «ይሄ ልጅ ለዓሣ ዝንብ ይቀልባል» እያሉ ይስቁብኛል። የዶርም ጓደኞቼ «ዝንቦ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። አባቴ ደግሞ «ትምህርትህን» ይልና ዝም ነው። እውነት የእኛ ዓሣ ዝንብ ይበላል? ወይስ ነገሩ የፈረንጅ ውሃ ብቻ ነው? ደህና ዘንግ ለመግዛትስ ገንዘብ ላጠራቅም?
ዝንቦ፣ ከደሴ

መልስ፦ ዝንቦ፣ ስሙ ቆንጆ ነው፣ አትተወው። ከሁሉ በፊት ግን አብሽር። ሰባት ቅዳሜ ባዶ እጅ መመለስ ምንም አይደለም። እኔ የመጀመሪያዬን የያዝኩት በአሥራ አንደኛው ነው። እሱም ዓሣው ተሳስቶ ይመስለኛል።

ችግርህ ዓሣው አይደለም፣ ክሩ ነው። በተለመደው መንጠቆ የምትወረውረው ክሩ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት ነው፣ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። በፍላይ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም። የምትወረውረው ክሩን ራሱን ነው። ስለዚህ ክሩ መክበድ አለበት። ያንተ ናይለን ደግሞ ነፋስ የሚጫወትበት ነገር ነው። ሰባት ቅዳሜ አየር ስትወረውር ከርመሃል ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቅህ። ጅራፍ ገምደህ ታውቃለህ? ለቡሄ ባታጮኸው እንኳ ማሽላ ስትጠብቅ ወፍ አባርረህበታል። ጅራፍ እጀታው ጋ ወፍራም ነው። ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ጫፉ ላይ ቀጭን ቃጫ ይቀራል። ከክንድህ የወጣው ኃይል በሚቀጥነው ገመድ ውስጥ እየፈጠነ የሚሮጠው ለዚህ ነው። የፍላይ ክርም አሠራሩ ይኸው ነው። ወፍራም ይጀምራል፣ ቀጭን ያልቃል።

ፈረንጆቹም ፕላስቲክ ሳይመጣ በፊት ክሩን የሚገምዱት ከፈረስ ጭራ ነበር። እኛ በጭራ ዝንብ እናባርራለን፣ እነሱ በጭራ ዝንብ ይልካሉ። አንተም ገምድ። ከዘንጉ በኩል አሥራ ሁለት ፀጉር፣ ጫፉ ጋ ሦስት ፀጉር እስኪሆን እያሳነስክ ቀጥለው። ጭራ ካጣህ የማሲንቆ ክር የሚያበጅ ሰው የት እንደሚገኝ ያውቃል። ርዝመቱ የሽመልህን ያህል ይሁን፣ ትንሽ ቢበልጥም ችግር የለውም። ከዚያ ሁለት ክንድ ያህል ስስ ናይለን ጨምርበት፣ ዝንቧ እሱ ላይ ትታሰራለች። ክሩን ሽመሉ ጫፍ ላይ እሰረው። የክር መጠቅለያ አያስፈልግህም። ገንዘብህንም አስቀምጠው። በዚህ ሽመል አሥር ዓሣ ከያዝክ በኋላ ስለ ዘንግ እናወራለን። ያኔ የምትፈልገው 9 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ለ5 ቁጥር ክር (ቁጥሩ የክሩ ክብደት ነው) የተሠራ ዘንግ ይሆናል።

ከጅራፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጅራፍ እንዲጮህ ትፈልጋለህ። እዚህ ከጮኸ ዝንብህ ተበጥሳ ሄዳለች ማለት ነው። ወደ ኋላ ስትወስደው ቆም በል። ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቅና ከዚያ ወደፊት። ሁሉም ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ቪዲዮዎቹ «ዘንጉን ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት» ሲሉ የሰዓቱ ፊት ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ይሄን ሰምቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ውሃ ዳር የወረደ ልጅ አውቃለሁ።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። የዛሬ ስንት ዓመት እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ነፋስ ሲነፍስ አልተውም ብዬ ወረወርኩ። ዝንቧ ዞራ መጥታ ጆሮዬ ላይ ተሰካች። አጠገቤ ሙሽሮች ፎቶ እየተነሱ ነበር። ሚዜዎቹ «አባባ ጉትቻ አደረጉ» እያሉ አጨበጨቡልኝ። መንጠቆው በጎኑ እሾህ ስለነበረው አልወጣ ብሎ ጤና ጣቢያ ድረስ ከነላባው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውንም መንጠቆ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄ ነው የማስረው። ለዓሣውም ለጆሮም ይሻላል። ኮፍያና መነጽር አትርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። የሐይቁ ዓሣ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት፣ ዝንብ ይበላል ወይ?

እንደ ቪዲዮው ብቅ ብሎ አይውጥም። እዚያ ያየኸው ትራውት ነው፣ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ የሚወድ ዓሣ። እኛ አገር ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራራ ወንዞች ውስጥ፣ እነ ዌብ ውስጥ ተጨምሯል። አንድ ጊዜ ለሥራ ድንሾ ሄጄ አንድ ይዣለሁ። ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ግን የሐይቅ ውሃ ለሱ ይሞቀዋል፣ ስለዚህ አትመኘው።

ያንተ ቆሮሶም ቢሆን ለሐይቁ እንግዳ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው አምጥተው የጨመሩት። አባትህ ልጅ ሆኖ መግባቱን ያስታውስ ይሆናል፣ ጠይቀው። ቆሮሶ ሲያድግ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፣ ድንጋይና ሣር ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ይግጣል። ግን በግ አይደለም። ጭቃ ውስጥ ያለችውን ቀይ ትል፣ ውሃ ውስጥ የምትፈለፈለውን ነፍሳት ካገኘ አይተውም። ስለዚህ ዝንብህ ውሃው ላይ አትንሳፈፍ፣ ትስጠም። አንድ ክንድ ያህል ትውረድና በጣም ቀስ ብለህ ሳባት። ቀስ ማለት ስልህ፣ ሻይ እየጠጣህ የምትስበውን ያህል ቀስ። ቆሮሶ ሲይዝ አይነጥቅም። ክሩ ትንሽ ቀጥ ይላል፣ ወይም መስመጡን ያቆማል። ያን ጊዜ ዘንጉን ብድግ።

አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆህም ትንሽ ይሁን፣ ከትንሿ ጣትህ ጥፍር ያልበለጠ። ሱቅ የሚሸጠው ትልልቁ ለአምባዛ ነው። አምባዛም ማታ ማታ ይመጣል፣ ጠቆር ያለ ትልቅ ዝንብ ይወስዳል። ስትይዘው የጎን ክንፎቹን ተጠንቀቅ፣ እሾሃቸው እጅ ይበሳል።

ዝንቧን አትግዛ፣ ራስህ እሰራት። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ አንድ ሮማዊ ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ሱፍና አውራ ዶሮ ደግሞ ከወሎ የጠፋ ነገር አይደለም። ሱፉን ከአያትህ ባና ጥግ ትነጫለህ፣ እሷ ሳታይ። ላባው ከአንገቱ ነው የሚወሰደው። ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙት ላባ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃለህ? የገብስማ ዶሮ የአንገት ላባ! ጥቁርና ነጩ ሲቀያየር ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እናትህ ለበዓል ዶሮ ስታሳርድ ቀድመህ ተገኝ። ፈላ ውሃ ከነካው በኋላ ላባው አይረባም።

አስተሳሰሩ ይሄ ነው። መንጠቆውን በፒንሳ አፍ አጥብቀህ ያዝ፣ የፒንሳውን እጀታ በላስቲክ እሰረው። የስፌት ክር ከመንጠቆው ዓይን ጀምረህ እስከ ጀርባው ጠቅልል። ሱፉን በምራቅ አርጥበህ በጣትህ ክሩ ላይ ፍተለውና መልሰህ ወደፊት ጠቅልል፣ መሃሉ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን። አንድ ላባ በአከርካሪዋ ይዘህ ሁለት ጊዜ ብቻ አዙራት። ሦስት ካዞርክ መጥረጊያ ትሆናለች። ቋጥርና ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርግ። ከእህትህ ተዋስ። ለሐይቅ ሁለት ዓይነት ይበቃሃል፣ አረንጓዴ ሱፍ ያላትና ምንም ላባ የሌላት ቀይ የክር ትል።

ጠዋት ሂድ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ የጆሮዬን ታሪክ አስታውስ። መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ መሃሉን ተወው። ፊላው የሚያልቅበትን፣ ድንጋይ ያለበትን ጥግ ፈልግ። ቆሮሶ ይፈራል። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊትህ አድርግ፣ ጎንበስም በል። በባዶ እግርህ አትግባ። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ ያመጣሉ። ቦቲ አድርግ፣ ወይም ደረቅ መሬት ላይ ቁም።

ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ አሸዋው ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የተጠረገ ነገር ካየህ እለፈው። የወንዱ ጎጆ ነው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ መልሳ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች፣ እዚያው ትፈለፍለዋለች። ያን ጊዜ ብትይዛት ልጆቿን ሁሉ ትተፋለች። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደግሞ ሳታስፈቅድ ዘንግ ይዘህ አትጠጋ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበት ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተማሩ ይባላል። ተማሪ ነህና ይገባሃል። ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ ካልክ፣ ስለ ዓሣ ሀብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ወረዳው ግብርና ቢሮ ሄደህ ስለ ሐይቁ ደንብ ጠይቅ። አንድ ጠዋት ነው የሚፈጅብህ።

የሚስቁብህን መረበኞች ደግሞ አትሽሻቸው። ሻይ ጋብዛቸው። ዓሣው በየትኛው ወር የት እንደሚጠጋ እኔ ከምነግርህ እጥፉን ያውቃሉ። እኔ የማውቀውን ሩብ ያህል ያገኘሁት ከአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነው። ለሦስት ወር ሙሉ ሲስቁብኝ ከርመው አንድ ቀን «ና፣ እዚህ ጋ ወርውር» አሉኝ።

አባትህስ? «ትምህርትህን» ብሎ ዝም ካለ አልከለከለህም። የወሎ አባት ሲከለክል ዝም አይልም። ውጤትህ እንዳይወርድ አድርግና የመጀመሪያውን ቆሮሶ ለሱ ውሰድለት። ጾም ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባቱ ተውላቸው፣ እኔ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከቦርከና ዓሣ እየያዘ ቤት ያመጣል። ልጥበሰው ወይስ ልጣለው?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እትዬ፣ ከየት እንደያዘው ይጠይቁት። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ነው ወደ አዋሽ የሚወርደው። በመንገዱ የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ ይገባበታል። ከከተማው በታች የተያዘውን እኔ ቤቴ አላስገባም። ልጁ ማጥመድ ከወደደ ግን አይቆጡት። ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ይላኩት። እዚያ ዝንቦ የሚባል ልጅ ያገኛል፣ ሽመል ይዞ ጎንበስ ያለውን ይፈልግ።

ዝንቦ፣ ረስቼው ነበር። ለፋሲካ እኛ ቤት የታሰረው አውራ ዶሮ ገብስማ ነው። አንገቱን ሳይነከር አስነጭቼ በፖስታ አስቀምጥልሃለሁ። መጥተህ ውሰድ።