ጥያቄና መልስ ከሲስተር ትርንጎ ጋር፦ ደም ማነስ፣ ጤና አዳም፣ ወይባ እና ሌሎችም

አስተባባሪ፦ ሲስተር ትርንጎ ለብዙ ዓመታት በአዋላጅ ነርስነት ያገለገሉ፣ ዛሬም በጓሯቸው የመድኃኒት ዕፅዋት የሚያለሙ እናታችን ናቸው። ሴቶች ለጤናቸው በቤት ውስጥ ስለሚያደርጉት ነገር ጠይቋቸው።

ሲስተር ትርንጎ፦ እንደምን አመሻችሁ። ስትጠይቁኝ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ። እርጉዝ ነሽ ወይስ ልትሆኚ ትችያለሽ? ታጠቢያለሽ? በየቀኑ የምትወስጂው ኪኒን አለ? ይህን ሳላውቅ ለማንም ቅጠል አላዝም።

የሐና እናት፦ ሲስተር፣ ሁልጊዜ ይደክመኛል፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። እርጉዝ አይደለሁም፣ አላጠባም፣ ኪኒንም የለኝም። ወር አበባዬ ብዙ ይፈሳል። ጎረቤቴ ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ አለችኝ።

ሲስተር ትርንጎ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ልጄ፣ መጀመሪያ ሄሞግሎቢንሽን፣ ማለትም በደምሽ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ ተለኪ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ12 ግራም በታች፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የምትኖሪ ከሆነ ይህ ወሰን ከአንድ ግራም በለጥ ባለ መጠን ከፍ ማለት አለበት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ለማካካስ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ይሠራል። ይህ ስለማይታሰብ ብዙ ሴት "12 ነው፣ ደህና ነሽ" ተብላ እየተዝለፈለፈች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በጣም ያንገበግበኛል።

ቀይ ሥር ቀለሙ ደም ይመስላል እንጂ ያለው ብረት ጥቂት ነው። ብረት ከፈለግሽ ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጤፍ አለ፤ በፍስክ ቀን ቀይ ሥጋና ጉበት አለ። የእኛ ቤት ችግር ሌላ ነው። ማዕዱ ሳይነሳ ጀበናው ይቀርባል። ቡናም ሆነ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል፤ በጾም ወራት ደግሞ ያለን ብረት ይኸው የእህሉ ብቻ ነው። ቡናችሁን ተዉ አላልኩም። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ከምግቡ ጋር ቃሪያ ብሉ፣ ሎሚ ጭመቁበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሊጡም በቂ ቀን ይቡካ፤ እርሾው በእህሉ ውስጥ ብረቱን የሚይዘውን ነገር ይሰብረዋል።

ወር አበባሽ ለምን እንደበዛ ግን መታየት አለበት። የማህፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ቅጠል አያቆመውም። የብረት ኪኒን ከታዘዘልሽ ከቡና አርቀሽ ዋጪው፤ ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ።

ብርቱካን፦ ሲስተር፣ ሆዴን ያመኛል፤ ምን ልጠጣ?

ሲስተር ትርንጎ፦ የትኛው በኩል? ከመቼ ጀምሮ? እርጉዝ ነሽ? ከላይ የጻፍኩትን አንብቢና ተመለሺ።

ትዕግሥት፦ ለወር አበባ ሕመም ጤና አዳም አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ያሽለኛል። ኪኒን አልወስድም፣ ልጅ ለመውለድ እየሞከርን ነው። ጉዳት አለው?

ሲስተር ትርንጎ፦ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ጤና አዳም ማህፀንን ያኮማትራል። በስኒ ቡና ላይ ጣል የምትደረግ ቀንበጥና ተፍልቶ በብርጭቆ የሚጠጣ አንድ አይደሉም፤ አንቺ የምትጠጪው ሁለተኛውን ነው። ለማርገዝ የምትሞክር ሴት መፀነሷን የምታውቀው ወር አበባዋ ከቀረ በኋላ ነው። እስከዚያ ስትጠጣ ከርማለች። ደግሞ የዚህ ተክል ጭማቂ ነክቶት ፀሐይ የመታው ቆዳ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከጓሮ ስትቆርጡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሕፃን ገላ ላይ አሽታችሁ ወደ ፀሐይ አታውጡ።

ለሕመሙ ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ከእምብርትሽ በታች ያዢ። ቀላል ስለሆነ አትናቂው፤ ይሠራል። ዝንጅብልም ጥሩ ነው፤ የደረቀው ዱቄት በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ወር አበባሽ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ግን ዝንጅብል አታብዙ። ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደና ፅንሱም ከዘገየ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) መሆን አለመሆኑን የማህፀን ሐኪም ይይሽ። "ሴት ልጅ ይህን መቻል አለባት" ለሚልሽ ሁሉ ጆሮ አትስጪ።

ወለተ ሥላሴ፦ ባለፈው ሳምንት ከንፈሬ ላይ ምች ወጣብኝ። ዳማ ከሴ ቀጥቅጬ ቀባሁት፣ ጭማቂውንም በቡና ጠጣሁ። ልክ ነኝ?

አበበች ዘደብረ ብርሃን፦ ምች እኮ ምግብ በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከመውጣት ነው የሚመጣው፤ መከላከሉ ይሻላል።

ወለተ ሥላሴ፦ ፀሐይ አልወጣሁም። ሽንኩርት ሳቁላላ ነው የመታኝ።

አበበች ዘደብረ ብርሃን፦ የሽንኩርት ሽታ ምች አያመጣም። አያቴ ባለመድኃኒት ነበሩ።

ሰሎሜ፦ የእኔም አያት ባለመድኃኒት ነበሩ፤ ምች በሽንኩርት ሽታ ይመታል ብለው ነው ያሳደጉን።

ሲስተር ትርንጎ፦ አያቶቻችሁን ተዉዋቸው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኝ ይወጣል፤ ፀሐይ ያሉት አልተሳሳቱም። ዳማ ከሴውን ማሽተትም መቀባትም ይቻላል። ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ሕፃን አትሳሙ፤ ለአራስ ልጅ ይህ ቫይረስ ገዳይ ነው።

ዘሃራ ከወሎ፦ ከወለድኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው፣ አጠባለሁ። ስወልድ ተሰፍቻለሁ። አማቴ ወይባ ጭስ ግቢ ትለኛለች፤ አብሽም በየቀኑ እጠጣለሁ።

ሲስተር ትርንጎ፦ ወይባ እኔም እወዳለሁ። ያላብሳል፣ ገላን ያለሰልሳል፤ ከሁሉም በላይ አንዲት እናት ማንም ሳይጠራት የምትቀመጥበት ጊዜ ይሰጣታል። ሆኖም ስፌቱ መዳኑን አዋላጅ አይታ ሳታረጋግጥልሽ አትግቢ። ስትገቢ በሩ ገርበብ ይበል፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን ያስታል። ብቻሽን አትሁኚ፣ ሕፃኑን ይዘሽ አትግቢ፣ ከጉድጓዱ ራቅ በዪ፣ ውሃ ጠጪ። ነፍሰ ጡር በፍጹም አትገባም።

አብሹ መልካም ነው። ዱቄቱን ዘፍዝፈሽ የላዩን መራራ ውሃ ደጋግመሽ ድፊና አረፋ እስኪያወጣና እስኪነጣ ምቺው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ተጠንቀቁ፤ አብሽ ራሱ ስኳር ያወርዳል።

አሁን አማትሽም ይስሙኝ። የደም መጠበቂያ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የሚፈሰው ከሸተተ፣ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከያዘሽ፣ አንድ ባትሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ጭስም ገንፎም አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ።

ሰሎሜ፦ ወይባ እኮ ለሙሽራ ነው እንጂ ለአራስ አይደለም።

ዘሃራ ከወሎ፦ በእኛ አገር ለሁለቱም ነው።

ሲስተር ትርንጎ፦ ወደ ጥያቄው።

ማኅሌት፦ ለደም ግፊቴ የሽፈራው ቅጠል ጀምሬያለሁ። ኪኒኑን ልተወው?

ሲስተር ትርንጎ፦ አትተዪው። ሽፈራውን እንደ ጎመን ብዪው።

ራሔል፦ ሎሚ ፊት ያነጣል?

ሲስተር ትርንጎ፦ ሎሚ ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ስትወጪ ይቃጠላል፤ ማዲያቱም ይብሳል። ስለ ጤና አዳም የጻፍኩትን አንብቢ።

ከጅዳ፦ እማማ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ከቤት አልወጣም። አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። እርጉዝ አይደለሁም፣ ኪኒን አልወስድም። ከአገር ቤት ምን ላስልክ?

ሲስተር ትርንጎ፦ አይዞሽ ልጄ። ምንም አታስልኪ። ፀሐይ የማያገኝ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ አጥንትና ጡንቻ የሚቆረጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን አይጠቅምሽም። ልብስ ለማስጣት ሰገነት የምትወጪ ከሆነ እጅጌሽን ሰብስበሽ ጥቂት ቆዪ። ሐኪም ቤት የምትደርሺበት ቀን ሲገኝ የቫይታሚን ዲ ምርመራ ብለሽ በስሙ ጠይቂ። እንቁላልና ዓሣ ካገኘሽ ብዪ። እንቅልፉን ግን ስንት ሰዓት ታርፊያለሽ? የሚነሳሽ ሥራው ከሆነ የትኛውም ዕፅ አይተካውም፤ ስለ ዕረፍት ሰዓትሽ አሠሪዎችሽን የሚያነጋግርልሽ ሰው ፈልጊ።

ስሜን አልጽፍም፦ ወር አበባዬ ቀርቷል። እንዶድ ይመልሰዋል አሉኝ። ምን ያህል ልጠጣ?

ሲስተር ትርንጎ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትጠጪ። እንዶድ የልብስ ሳሙና ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። በሥራዬ ዘመን ይህን ጠጥተው ደም እየፈሰሳቸው የመጡ ሴቶች ተቀብያለሁ፤ ሁሉንም አላተረፍናቸውም። ነገ ጠዋት የሽንት ምርመራ አድርጊ። እርግዝና ከሆነና ልትቀጥዪው ካልቻልሽ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች በጤና ተቋም በደኅና የሚሰጥ አገልግሎት አለ፤ አዋላጇን ለብቻዋ ጠይቂያት። ለእኔም ለብቻ ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ እመልስልሻለሁ።

ምሕረት፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ጤና አዳም ትንሽ ብጠጣስ?

ሲስተር ትርንጎ፦ ለትዕግሥት መልሻለሁ። አይሆንም። ለማቅለሽለሽ ከሆነ ዝንጅብል ሻይ ትንሽ ትንሽ ጠጪ።

ብርቱካን፦ ተመለስኩ ሲስተር። እርጉዝ አይደለሁም፣ አላጠባም፣ ኪኒን የለኝም። ከታች በግራ በኩል ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሰገራ ይደርቅብኛል። ደም የለውም።

ሲስተር ትርንጎ፦ አሁን ተግባባን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ቆልተሽ ውቀጪ፤ ሳይወቀጥ እንዳለ ይወጣል። በብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ማታ ጠጪ፤ በላዩ ሌላ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጨምሪ፤ ያለ ውሃ ተልባ ድርቀቱን ያባብሰዋል። በአንድ ሳምንት ካልተሻለሽ፣ ደም ካየሽ ወይም ክብደትሽ ከቀነሰ ሐኪም ይይሽ።