ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ፍሬንና የማሸጊያው ጽሑፍ

ከደብረ ሲና የጻፉልን አንባቢ ችግራቸው በአጭሩ ይህ ነው። ብስክሌታቸው በካቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን አለው። የፍሬን ሸራው ሲያልቅ ማሸጊያው ላይ «ሴራሚክ፣ ለማንኛውም አየር፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸራ፣ ከእርሱም ጋር «ሙቀት በታኝ» የተባለ ባለ 160 ሚሊሜትር ዲስክ ገዝተው አስገጠሙ። ከተማ ውስጥ ፍሬኑ ደህና ይይዛል። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን አርማንያ ሳይደርሱ የተቃጠለ ነገር ይሸታቸዋል፤ ፍሬኑም ማፏጨት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን የቱንም ያህል ቢጨብጡት ብስክሌቱ አይቆምላቸውም። ወርደው ጥቂት ካሳረፉት ይመለሳል። አንድ ጠጋኝ ካቦውን ሁለት ጊዜ ወጥሮላቸዋል፤ ለፉጨቱም ዲስኩ ላይ ዘይት ረጭቶበታል። አሁን እጀታው መሪውን ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። «ማሸጊያው ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ይህ ፍሬን ተስተካክሎ ሜዳ ላይ እስኪፈተን ድረስ በዚያ ቁልቁለት አይውረዱ። በግራም በቀኝም ገደልና የጭነት መኪና ባለበት መንገድ ላይ «ቀስ ብዬ እወርዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ዋስትና አይሆንም።

የጻፉልኝን ምልክት ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካቦውን አይደለም። የካቦ ብልሽት ፍሬኑ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ያው ነው፤ ሲያሳርፉት አይድንም። ሲሞቅ የሚመጣና ሲቀዘቅዝ የሚሄድ ድክመት ከነሽታው የሸራ ድክመት ነው። ስለዚህ ግምቴ ይህ ነው፤ የገዙት ሸራ «ሴራሚክ» ተብሎ ቢጻፍበትም ተራ የሬዚን፣ ማለትም በሙጫ የተጣበቀ፣ ሸራ ነው። እጀታው ወደ መሪው መጠጋቱ ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ እርሱ የመጣው ሸራው በሙቀት ፈጥኖ በማለቁና ካቦው ያላግባብ በመወጠሩ ነው። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው።

ሸራው ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሸጊያውን ትተው ሞረድ ያንሡ። ሸራውን ፈትተው የዲስኩን ፊት የሚነካውን ገጽ በሞረድ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ ያድርጉት። የሬዚን ሸራ የደበዘዘ ጥቁር ወይም ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የብረት ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተጣብቆ የተሠራው ሸራ ግን የተፋቀበት ቦታ እንደ መዳብ ወይም እንደ ነሐስ ያበራል፤ ለሞረዱም ጠንካራ ነው። መካከለኛውም አለ፤ ሬዚን ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ የተቀላቀለበት ሸራ ጥቁር ገጽ ላይ ተበታትነው የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ያሳያል። ይህኛው ከተራው ይሻላል፤ ለረጅም ቁልቁለት ግን አልመርጠውም። በማግኔት መፈተን አይረዳም፤ ሸራው የተለጠፈበት ጀርባ ራሱ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ በማንኛውም ሸራ ላይ ይጣበቃል።

ማሸጊያ ላይ የተጻፈው «ከፍተኛ ሙቀት» የሚለው ቃል በዲግሪ ያልተነገረ፣ ማንም ሊለካው የማይችል ቃል ነው። ይህ ለምን እንደሚያስቆጣኝ ለማስረዳት ቁልቁለቱ ራሱ ፍሬኑን ምን ያህል እንደሚያሞቀው በዝርዝር ልናገር። ነጂው፣ ብስክሌቱና የያዘው ዕቃ አንድ ላይ 90 ኪሎግራም ይመዝናሉ እንበል። ይህ ክብደት 1,000 ሜትር ዝቅ ሲል የሚለቀው ጉልበት ወደ 880,000 ጁል ይደርሳል፤ ይህም ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ የ20 ዲግሪ ውኃን ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ዝቅታ ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ በሁለት ስስ የብረት ዝርግ ላይ ያርፋል።

ስሌቱን ወደ ሰከንድ እናውርደው። 7 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ፍጥነትን ጠብቀው ቢወርዱ በየሰከንዱ ወደ 250 ጁል የሚሆን ጉልበት ፍሬኑ ላይ ይቀራል። 120 ግራም የሚመዝን የአይዝጌ ብረት ዲስክ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 60 ጁል ያህል ይበቃዋል። ጉልበቱ በሁለቱ ዲስኮች እኩል ቢካፈል እያንዳንዱ በየሰከንዱ 2 ዲግሪ ያህል ይጨምራል ማለት ነው፤ ነፋስ ባያቀዘቅዘው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ200 ዲግሪ ያልፍ ነበር። ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ፈርቶ በኋላው ብቻ ስለሚወርድ አንዱ ዲስክ የሁለቱን ሸክም ይሸከማል፤ የሙቀቱም ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ሬዚን ሸራውን አጣብቆ የያዘ ሙጫ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ መፈራረስና ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል፣ የሸራው ገጽም እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ እጅዎ የቱንም ያህል ቢጨብጥ የሚፋተገው ነገር መንሸራተት እንጂ መያዝ አይችልም። የሸተተዎት እርሱ ነው። ዲስኩን ደግሞ በቀን ብርሃን ይመልከቱት፤ ሸራው የሚያልፍበት ወይም ከእርሱ አጠገብ ያለው ቦታ ወደ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ተለውጦ ከሆነ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ደርሶ እንደነበር ይመሰክራል።

እንዲህ ላለው ሥራ «ለማንኛውም አየር» የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግረንም። ዝናብና ፀሐይ አንድ ጉዳይ ነው፤ የቁልቁለት ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። «ሴራሚክ» የሚለውም ቢሆን ከሸራው ውስጥ ምን ያህሉ ሴራሚክ እንደሆነና የሚያጣብቀው ምን እንደሆነ ካልተነገረ በቀር ጌጥ ነው፤ ጥቂት የሴራሚክ ብናኝ በሬዚን ተለውሶ ያንኑ ስም ሊሸከም ይችላል።

አሁን ዲስኩን ገልበጥ አድርገው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። እኔ የማምነው ሻጩን የሚጠቅመውን ትልቅ ጽሑፍ ሳይሆን ሻጩን የሚገድበውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ርካሽ በሆኑት ዲስኮቹ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» (ለሬዚን ሸራ ብቻ) ብሎ ይቀርጻል፤ ይህ ማለት ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ በብረት ሸራ እንዳይሠራበት ነው። ይህን ሳያነቡ የብረት ሸራ የሚገጥሙ ጠጋኞች በአጭር ጊዜ ዲስኩን ይበሉታል። በብዙ ዲስኮች ላይ ደግሞ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል፤ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር የሆነው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። ካሊብሮ በተባለው የውፍረት መለኪያ ይለኩት። ምንም ያልተቀረጸበት፣ ቀለም የተቀባ ብቻ የሆነ ዲስክ ከሆነ የሠራው ሰው ለየትኛውም ቁጥር ኃላፊነት አልወሰደም ማለት ነው።

«ሙቀት በታኝ» የሚለውንም መፈተን ይቻላል። ሙቀት ለመበተን በእውነት የተሠራው የሺማኖው አይስቴክ ዲስክ በሁለት ስስ የአይዝጌ ብረት ንጣፎች መካከል አሉሚኒየም የተጋደመበት ነው፤ ጠርዙን በብርሃን ፊት ሲያዩት ሦስቱ ንጣፎች ይለያሉ። የእርስዎ ዲስክ ከጠርዙ ሲታይ አንድ ወጥ ብረት ከሆነ፣ መሐሉ ላይ የተቀባው ጥቁርና ብርማ ቀለም ሙቀት የሚያስተላልፍበት መንገድ የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። ዘይት የነካውን ሸራ ይጣሉት። በእሳት መለብለብም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ውስጡ የገባውን ዘይት አያወጣም፤ ለአንድ ቀን የዳነ መስሎ ቁልቁለቱ ላይ ይከዳል። ለፉጨት ብሎ ዲስክ ላይ ዘይት የሚረጭ ጠጋኝ ዳግመኛ ብስክሌትዎን ሊነካ አይገባም። ዲስኩን ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይጥረጉት፤ ቤንዚንና ናፍጣ ቅባት ስለሚተዉ አይጠቀሙባቸው። የተጣመመ፣ የሳሳ ወይም የብረት ሸራ የማይፈቅድ ዲስክ ከሆነ ይቀይሩት። ከዚያ በሞረድ ፈትነው ያረጋገጡትን የብረት ሸራ ይግዙ። ይህ ሸራ ሲረጥብ ይጮሃል፤ ሲቀዘቅዝም ለመያዝ ትንሽ ያመነታል፤ ይህን ታግሠው ይቀበሉት። ሻጩ ከማሸጊያው አውጥተው ጠርዙን እንዲፍቁ ካልፈቀደልዎ ከሌላ ቦታ ይግዙ። ወደ 180 ሚሊሜትር ዲስክ ማደግም ይረዳል፤ ነገር ግን ሹካው የሚፈቅደውን ትልቁን መጠን ሳያረጋግጡ አያድርጉት።

ካቦውን በተመለከተ፣ የተወጠረበት መንገድ ስሕተት ነው። ካቦው ሲወጠር የካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል፣ ክንድ ከመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ተጉዞ ስለሚቆም ለመጫን የሚቀረው ጉዞ ያጥርበታል፤ የሸራው ማለቅ በሸራው ማስተካከያ እንጂ በካቦ አይካካስም። ካቦውን የያዘውን ቡሎን ፈትተው ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያድርጉ። እጀታው ላይ ያለውን ማስተካከያ ወደ ውስጥ አስገብተው አንድ ሁለት ዙር ይተዉለት። ከዚያ በጎማው በኩል ያለውን የማይንቀሳቀሰውን ሸራ በማስተካከያው፣ በብዙ ካሊፐሮች ላይ በአለን ቁልፍ፣ ዲስኩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ያስጠጉት። ካሊፐሩ ከዲስኩ ጋር ቀጥ ብሎ መቀመጡን አይተው ቡሎኖቹን ያጥብቁ፤ በመጨረሻም ካቦው ሳይላላ፣ ክንዱንም ሳያነሣ በቡሎኑ ያጥብቁት።

የካቦውን ልብስም ይመልከቱ። «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ልብስ ብዙ ጊዜ ለማርሽ የተሠራ ነው። ጫፉን ቢያዩት ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ለፍሬን የሚሆነው ግን እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። የማርሽ ልብስ በፍሬን ጭነት ሲጨመቅ ሽቦዎቹ ሸሽተው ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳውም በኃይል በጨበጡበት ቅጽበት ነው። ይህን ካገኙ ሌላውን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይቀይሩት።

በዚያው ደብዳቤ ከዚሁ ሱቅ የገዙት «9,900 ሚሊአምፔርሰዓት» የሚል፣ 18650 በተባለው መጠን ባትሪ የሚሠራ መብራት በጉም መሐል ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማያበራ አንሥተዋል። በዚህ መጠን ላይ ያለ አንድ ባትሪ ጥሩ የሚባለው እንኳ 3,500 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚያልፍ ቁጥር የተጻፈበትን ባትሪ አይግዙ። በሚዛን ያስቀምጡት፤ ደህናው 45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ በጣም የቀለለው ከውስጡ ጎድሎበታል። በጣርማበር ዋሻና በጉሙ ውስጥ ለሚጓዝ ሰው ትርፍ መብራት መያዝ ግድ ነው።

አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ያህል እየፈጠኑ፣ ጎማው ሳይቆለፍ እስከ እግር ጉዞ ፍጥነት ድረስ እያዘገሙ ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋግሙ፤ መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን ለየብቻ። ከዚህ በኋላ ሁለቱንም እጀታ በሙሉ ኃይል ጨብጠው በእግር ብስክሌቱን ወደ ፊት ይግፉት፤ ጎማዎቹ መዞር የለባቸውም፤ እጀታዎቹም ከመሪው ቢያንስ የጣት ስፋት ርቀው መቆም አለባቸው። ይህ ሳይሆን ቁልቁለቱን አይጀምሩ፤ ደግሜ እለዋለሁ፤ ሜዳ ላይ ያልተፈተነ ፍሬን ይዘው ከደብረ ሲና አይነሡ።

ሲወርዱም ሁለቱንም ፍሬን ይጠቀሙ። ሳይለቁ ተጭነው ከመውረድ ይልቅ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገው ያዘግሙና ቀጥ ባለው ላይ ነፋሱ ዲስኩን እንዲያገኘው ይልቀቁት። ሽታ ከመጣ መንገዱ ሰፋ ባለበት ይቁሙ። ዲስኩን በእጅ አይንኩ፤ ውኃም አያፍስሱበት፤ ሊጣመም ይችላል። እንዲሁ አሳርፈው፣ እጀታው ሙሉ ኃይሉ እንደተመለሰ በዝግታ ፈትነው ይቀጥሉ።