አብራሪዎች፣ አልኮልና የተሳፋሪዎች ደኅንነት፦ ጥያቄና መልስ

በአቪዬሽን ሕክምና ሙያ ላይ ስለቆየሁ፣ አብራሪዎችንና መጠጥን የተመለከቱ ጥያቄዎቻችሁን እንድመልስ ተጠይቄያለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አንድ አብራሪ ከጠጣ በኋላ ስንት ሰዓት መቆየት አለበት?

መልስ፦ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ችሎታን የሚያውክ ንጥረ ነገር የወሰደ ሰው ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል እንጂ የሰዓቱንና የመጠኑን ዝርዝር ለአገሮች ትቶታል። የአሜሪካ ደንብ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲያልፍና በደም ውስጥ ያለው አልኮል በ100 ሚሊሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ያዛል፤ ሁለቱም ተሟልተው አብራሪው አሁንም የመጠጥ ተጽዕኖ ከታየበት ግን ማብረር አይችልም። ሕንድ 12 ሰዓት ትጠይቃለች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ለአብራሪ የፈቀደችው ጣሪያ 20 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህም በእንግሊዝ ለመኪና አሽከርካሪ ከተፈቀደው 80 ሚሊግራም ሩብ ያህል ነው። ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ ከአገራቸው ሕግ የጠበቀ የውስጥ መመሪያ አላቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ ስምንት ሰዓት የጠበቀ አብራሪ ከአልኮል ነፃ ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አንችልም። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በአማካይ በሰዓት ከ100 ሚሊሊትር ደም 15 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። እኩለ ሌሊት ላይ በደሙ ውስጥ 150 ሚሊግራም የነበረ ሰው ከንጋቱ ሁለት ሰዓት ላይ 30 ሚሊግራም ገደማ ይቀረዋል። ይህ ሰው በአሜሪካው ልኬት ከጣሪያው በታች ሲሆን፣ ለንደን ላይ ቢመረመር ግን ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የሚባለው ዝቅተኛ ገደብ እንጂ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። ምን ያህል እንደተጠጣ የማይጠይቅ ደንብ፣ አንድ ብርጭቆ ቢራ የጠጣውንና ሙሉ ጠርሙስ ውስኪ የጨረሰውን በእኩል ዓይን ያያል።

ጥያቄ፦ ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር ወይም የኦክስጅን ጭንብል ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም። ቡና የነቃ ሰካራም ያደርግ ይሆናል፤ የጉበትን ፍጥነት ግን አይለውጥም።

ጥያቄ፦ ደሙ ንጹሕ ሆኖ ሀንጎቨር (ከስካር በኋላ የሚቀር ሕመም) ብቻ ያለበት አብራሪ አደገኛ ነው?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ሊጻፍበት ይገባ የነበረው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የሕጉ የመጠን ጣሪያ ይህን ሰው አይነካውም፣ የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያውም አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች በደማቸው ያለው አልኮል 100 ሚሊግራም እስኪደርስ ጠጥተው፣ ከ14 ሰዓት በኋላ በበረራ ማስመሰያ ተፈትነው ነበር። አልኮሉ ከደማቸው ከወጣ በኋላም አፈጻጸማቸው ካልጠጡበት ቀን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የሚያሳስበኝ፣ እንዲህ ያለ አብራሪ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ሊገምት መቻሉ ነው።

አንዱ ምክንያት ውስጠ ጆሮ ውስጥ ይገኛል። ሚዛናችንን የሚጠብቁት ግማሽ ክብ ቱቦዎች በውስጣቸው ፈሳሽ ይዘዋል፤ አልኮል ወደዚያ ፈሳሽና በውስጡ ወዳለው ስስ ክፍል የሚገባበትና የሚወጣበት ፍጥነት ስለሚለያይ የሁለቱ ክብደት ይዛባል። በዚህ የተነሣ ዓይን ያለ ፈቃድ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላት ሲዘነብልም ማዞር ይመጣል፤ ይህም ደሙ ከጠራ ከሰዓታት በኋላ ሊቀጥል ይችላል። መሬት ላይ ቁጭ ላለ ሰው ይህ ተራ ምቾት ማጣት ነው። በጨለማ ወይም በደመና ውስጥ፣ አድማስ በማይታይበት ጊዜ፣ አውሮፕላኑን እያዞረ አንገቱን ወደ ጎን ወዳለው መቆጣጠሪያ የሚያዘነብል አብራሪ ግን የትኛው አቅጣጫ ወደ ላይ እንደሆነ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ላይ እንቅልፉ በመጠጥ የተቆራረጠ ነው፤ የአውሮፕላን ጓዳ የአየር ግፊትም ከባሕር ጠለል እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ ደሙ የሚያገኘው ኦክስጅን በመጠኑ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በእርግጥ በመጠጥ ምክንያት የወደቀ የሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላን አለ? ወይስ ወሬ ብቻ ነው?

መልስ፦ አለ፤ ግን በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1961 ፊንላንድ ውስጥ አንድ ዲሲ-3 ወድቆ የተሳፈሩት 25 ሰዎች በሙሉ ሲሞቱ፣ ሁለቱም አብራሪዎች ጠጥተው እንደነበር በደም ምርመራ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሩሲያዋ ፐርም ከተማ አቅራቢያ የወደቀው ቦይንግ 737 ደግሞ 88 ሰዎችን ገድሏል። በዋና አብራሪው አካል ውስጥ አልኮል ተገኝቷል፤ ሆኖም መርማሪዎቹ በዋናነት ያስቀመጡት ምክንያት አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን አቋም መለየት አለመቻላቸውንና የሥልጠና ጉድለትን ነው። ከላይ ስለ ውስጠ ጆሮ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ማየት እንደሚከብድ ይረዳል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «በአብራሪው አስከሬን ላይ አልኮል ተገኘ» የሚል ዜና ስታነቡ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሰው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያዎች በሰውነቱ ውስጥ ራሳቸው አልኮል ያመርታሉ፤ በተለይ አስከሬኑ በሙቀት ውስጥ ከቆየ። ስለዚህ ባለሙያዎች ብክለት ቶሎ ከማይደርስበት የዓይን ፈሳሽ ናሙና ወስደው ያነጻጽራሉ። ይህን ልዩነት ሳይጠብቁ የሟችን ስም ያጠፉ ጽሑፎችን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ ቢሰክር ሌላው አብራሪ አለ፣ አውቶፓይለትም አለ። ለምን እንጨነቃለን?

መልስ፦ የሁለተኛው አብራሪ መኖር የሚጠቅመው እምቢ ሲል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1977 ከአላስካዋ አንከሬጅ የተነሣ የጭነት ዲሲ-8 ከብቶች አሳፍሮ ወዲያው ወድቆ አምስት ሰዎች ሞተዋል። የዋና አብራሪው የደም አልኮል በመጀመሪያው ምርመራ 298 ሚሊግራም ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ያደረሰው የታክሲ ሾፌር እንኳ ሰውየው መስከሩን አስተውሎ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአብራሪው ስካርና ከክንፍ በረዶ ሌላ፣ የተቀሩት የበረራ ባልደረቦች አለማስቆማቸውን በአስተዋጽኦነት መዝግቧል። የታክሲ ሾፌር ያየውን ረዳት አብራሪው አላየም ማለት አይቻልም፤ አለቃን መጋፈጥ ከባድ መሆኑ ግን እውነት ነው። አውቶፓይለትም የሚያዝዘው ሰው ይፈልጋል፤ ሲበላሽ ደግሞ የሚተካው ያው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ሁሉም አብራሪ ቢመረመር ችግሩ አያልቅም?

መልስ፦ ሕንድ ከበረራ በፊት የትንፋሽ ምርመራ ታደርጋለች፤ ጃፓንም ረዳት አብራሪዋ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ሂትሮው ላይ በ189 ሚሊግራም ከተያዘና አሥር ወር ከተፈረደበት በኋላ በ2019 ቁጥጥሯን አጥብቃለች። አሜሪካ በዕጣ የሚደረግ ድንገተኛ ምርመራን ትመርጣለች። እኔ የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፤ አፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት የሚፈጥረው የሐሰት ውጤትም ሩብ ሰዓት ጠብቆ በመድገም የሚጠራ ስለሆነ ከባድ እንቅፋት አይመስለኝም።

ነገር ግን የትንፋሽ መሣሪያ የሚይዘው ትናንት ማታ ያበዛውን ሰው ነው። በሱስ የተያዘውና ሥራውን እንዳያጣ ሰዓቱን አስልቶ የሚጠጣው አብራሪ ለዓመታት ሊያልፈው ይችላል። እርሱን የሚያውቁት ባለቤቱ፣ አብሮት የሚበርር ባልደረባውና አንዳንዴም ሐኪሙ ናቸው፤ ሦስቱም ከተናገሩ እንጀራውን እንደሚያሳጡት ካሰቡ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ደኅንነቱ ይጨምራል የሚለው አስተያየት ግማሹን ብቻ ያያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሱሰኛ የነበረ አብራሪ ወደ ማብረር ሥራው ይመለስ እያሉን ነው? እኔ በበኩሌ ከእርሱ ጋር አልበርም።

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ በስካር የበረረ ሰው በሕግ መጠየቁንም አልቃወምም። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአብራሪዎች ማኅበር፣ አየር መንገዶችና የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በጋራ የሚያካሂዱት መርሐ ግብር አለ። አብራሪው ከሥራ ይወጣል፣ ይታከማል፣ በሐኪምና በሥነ አእምሮ ባለሙያ ይገመገማል፤ ፈቃዱ ሲመለስለትም ፈጽሞ እንዳይጠጣ ግዴታ ገብቶ፣ ሳያስበው እየተመረመረና ባልደረቦቹ እየተከታተሉት ለዓመታት ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ከፋርጎ ወደ ሚኒያፖሊስ 91 መንገደኞችን ይዘው በስካር የበረሩ ሦስት የበረራ ባልደረቦች ታስረዋል። ዋና አብራሪው 16 ወር ተፈረደበት፤ ከእስር ወጥቶ፣ መጠጥ ትቶና ፈቃዶቹን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደገና አውጥቶ በዚያው አየር መንገድ ወደ በረራ ተመለሰ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ፣ ችግሩ ታውቆ በየጊዜው ከሚመረመረው አብራሪ ጋር መብረርን፣ ችግሩን ደብቆ ከሚያበርረው ጋር ከመብረር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪ ሆኜ ከአብራሪ ላይ የመጠጥ ሽታ ቢሸተኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሩ ሳይዘጋ ለበረራ አስተናጋጅ ወይም በመሳፈሪያው በር ላሉት ሠራተኞች ዝቅ ባለ ድምፅ ይንገሩ። በሞባይል መቅረጽና በሌሎች ተሳፋሪዎች ፊት መጮህ አያስፈልግም፤ ሽታው የመጠጥ ላይሆን ይችላልና። የስኳር ሕመም ሲባባስ ወይም ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ሲቆይ ትንፋሹ አሴቶን ስለሚሸት ከአልኮል ጋር ሊምታታ ይችላል። ይህን መለየት የመርማሪው ሥራ እንጂ የእርስዎ አይደለም። «ተሳስቼ ቢሆንስ» ብለው ዝም እንዳይሉ ግን እለምናለሁ። የፋርጎዎቹን የጠቆመው መጠጥ ቤት ውስጥ ያያቸው ሰው ነበር፤ የሂትሮውን ረዳት አብራሪ ያስያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ማያሚ ላይ ሁለት አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት እንዲመለሱ ያደረጉትም ሽታውን ያስተዋሉ የፍተሻ ሠራተኞች ናቸው።